«ሶሪ»፦ ሐዘን ወይስ ይቅርታ?

ጥያቄ፦ የምሠራው በእንግሊዝኛ ከሚግባቡ ባልደረቦች ጋር ነው። በቅርቡ አክስቴ ስላረፈች ለጥቂት ቀናት ከሥራ እንደምቀር ለአለቃዬ ስጽፍ፣ «አይ አም ሶ ሶሪ» ብለው መለሱልኝ። እርሳቸው ያጠፉት ነገር ስለሌለ እኔም «ችግር የለም፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» የሚል መልስ ላክሁላቸው። በኋላ ስንነጋገር መልሴ ግር እንዳላቸው ተረዳሁ። ሶሪ ይቅርታ መጠየቂያ አይደለምን? ቃሉስ ከወዴት መጣ? «ሶሮው» ከሚለው የሐዘን ቃል ጋርስ ይዛመዳል?

መልስ፦ በቅድሚያ መጽናናቱን እንመኝልዎታለን። አለቃዎ የጻፉልዎት ይቅርታ ሳይሆን ሐዘንዎን መጋራታቸውን የሚገልጽ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው የሚጠብቀው ምላሽም «ታንክ ዩ» ብቻ ነበር። ይህን ቃል ከትምህርት ቤት ጀምሮ «ይቅርታ» ከሚለው ጋር አጣምረን ስለምናጠናው፣ እንዲህ ያለው ግራ መጋባት በብዙዎች ላይ ይደርሳል። በሁለቱ ቃላት መካከል ግን መሠረታዊ የሆነ ልዩነት አለ። ይቅርታ ከሌላ ሰው የሚጠየቅና ሌላው ሰው ሊሰጠውም ሊከለክለውም የሚችል ነገር ነው። ሶሪ በአንጻሩ የተናጋሪውን የልብ ሁኔታ የሚገልጽ ቅጽል ነው፤ «አይ አም ሶሪ» የሚል ሰው በቃሉ ደረጃ የተናገረው «አዝኛለሁ፣ ከፍቶኛል» ብቻ ነው። ያዘነው በራሱ ጥፋት ይሁን በሌላው ሰው ላይ በደረሰ መከራ፣ ቃሉ ብቻውን አይነግረንም። ስለዚህም ሶሪ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ትርጉሙን ለማወቅ የሚከተለውን ሐረግና የተነገረበትን ሁኔታ መመልከት ይኖርበታል።

የቃሉን ታሪክ ስንመረምር ይህ ለምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳር» የሚባል ቃል ነበረ፤ ትርጉሙም ሕመም፣ ቁስል፣ ሥቃይ ማለት ነው። ዛሬም የጉሮሮ ወይም የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው የሚጠቀምበት «ሶር» የተባለው ቃል የዚሁ ቀጥተኛ ወራሽ ነው። የዘመኑ ሰዎች ከስም ቅጽል ለማውጣት መጨረሻው ላይ «ኢግ» የሚል ቅጥያ ያክሉ ነበር፤ ዛሬ «ሀንግሪ» የምንለውን የረኃብ ቃል «ሁንግሪግ» ይሉት እንደነበረው ሁሉ፣ ከ«ሳር» ደግሞ «ሳሪግ» የሚለውን አወጡ። ሳሪግ የተባለ ሰው ሕመም የሞላበት፣ ውስጡ የቆሰለ ሰው ነው። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ በሥጋ ከሚታየው ቁስል ይልቅ ለልብ ሐዘን ያገለግል ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበረው ትርጉም ሐዘን እንጂ ይቅርታ አልነበረም።

ጥያቄዎ ውስጥ በጣም የወደድነው ስለ «ሶሮው» ያነሱት ነው። ሶሪና ሶሮው በድምፅም በትርጉምም እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች እንኳ አንዱ ከሌላው የወጣ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሁለቱ ቃላት የተለያየ ሥር ያላቸው መሆናቸው ነው። ሶሮው የመጣው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሶርግ» ከሚባል ሌላ ቃል ሲሆን፣ የጀርመንኛ ዘመዱ «ዞርገ» እስከ ዛሬ ድረስ ጭንቀትን፣ ሐሳብን ያመለክታል። የሶሪ ሥር የሆነው «ሳር» የጀርመንኛ ዘመዱ ደግሞ «ዜር» ነው፤ ይህ ቃል የሕመም ትርጉሙን አጥቶ ዛሬ «በጣም» ማለት ብቻ ሆኗል። የጸና ሕመምን ይገልጽ የነበረው ቃል በጊዜ ብዛት ጽናትን ብቻ ይዞ ቀረ ማለት ነው።

ድምፃቸው እንዴት ተቀራረበ ቢሉ፣ በመካከለኛው ዘመን የደቡብና የመካከለኛው እንግሊዝ አነጋገር ረጅሙን የ«ኣ» ድምፅ ወደ «ኦ» ለወጠው። ድንጋይ ማለት የነበረው «ስታን» «ስቶን»፣ አጥንት ማለት የነበረው «ባን» «ቦን»፣ ቤት ማለት የነበረው «ሃም» «ሆም» የሆኑት በዚሁ ለውጥ ነው። «ሳሪግ»ም በዚህ መንገድ «ሶሪ» ሆነ፤ ከዚያም አናባቢው አጠረ፤ ለዚህም የሶሮው ጎረቤትነት ሳይረዳ እንዳልቀረ የቋንቋ ታሪክ ምሁራን ይገምታሉ። ለውጡ ወደ ሰሜን ስላልዘለቀ በስኮትላንድ አነጋገር የቁስሉ ቃል እስከ ዛሬ «ሴር» ነው፤ «ሶር» አልሆነም። አብረው የኖሩ ባዕዳን መልካቸው እንደሚመሳሰል ሁሉ፣ ሁለቱ ቃላትም ዝምድና ሳይኖራቸው ዘመድ መሰሉ።

ሶሪ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አንድ ተጨማሪ ትርጉም አፍርቷል። ከሰው ወደ ዕቃና ወደ ሁኔታ ተሸጋግሮ፣ ሲያዩት የሚያሳዝን፣ የተጎሳቆለ፣ እዚህ ግባ የማይባል ነገርን መግለጽ ጀመረ። በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ሲመለስ ደም የተነከሩ እጆቹን እያየ «ሶሪ ሳይት» ይላቸዋል፤ አሳዛኝ፣ አስከፊ ትዕይንት ማለቱ ነው። ዛሬም ቤቱ ወይም ኑሮው የፈራረሰበት ሰው «ኢን አ ሶሪ ስቴት» ነው ይባላል። ይህ አገባብ ሁልጊዜ ከስም በፊት የሚመጣ መሆኑን ያስተውሉ፤ «ሶሪ ማን» ሲባል ያዘነ ሰው ሳይሆን የማይረባ ወይም ምስኪን ሰው ማለት ስለሚሆን፣ ያዘነን ሰው ለመግለጽ ፈልጎ ቃሉን ከስም በፊት ያስቀመጠ ሰው ሳያስበው ስድብ ሊናገር ይችላል።

ወደ ይቅርታ የተደረገው ጉዞ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። የበደለ ሰው በበደሉ ማዘኑን መግለጹ የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ፣ «በሠራሁት አዝኛለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከይቅርታ ጥያቄ ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ ኖረ። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት አንሥቶ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ተቆርጦ «ሶሪ» የምትለው ቃል ብቻዋን የቀላል ጥፋት ማስተሰረያ ሆና በጽሑፍ መታየት ጀመረች። ዛሬ አንድ ሰው የሌላውን እግር ረግጦ የሚናገራት አጭር ቃል እንግዲህ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በሆነው የቃሉ ዕድሜ ውስጥ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ናት። ለይቅርታ ተብሎ የተለየው «አፖሎጂ» እንኳ ቢሆን ሲጀመር ይቅርታ አልነበረም፤ የግሪክኛው «አፖሎጊያ» ተከሳሽ ራሱን ለመከላከል የሚያቀርበው ንግግር ነው፤ ሶቅራጥስ በችሎት ፊት አቀረበው የሚባለው አፖሎጊያም ይቅርታ ሳይሆን ክርክር ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ሁለት መንግሥታት በዚሁ ቃል የተፋጠጡበትን አጋጣሚ እናንሣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የስለላ አውሮፕላን በቻይና ሃይናን ደሴት አቅራቢያ ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጨ። የቻይናው አብራሪ ዋንግ ዌይ ሕይወቱን አጣ፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ክፉኛ ተጎድቶ ያለፈቃድ ሃይናን ላይ አረፈ፤ 24ቱ የበረራ አባላትም በቻይና እጅ ቆዩ። ቻይና አሜሪካ ይቅርታ እንድትጠይቅ አጥብቃ ጠየቀች፤ አሜሪካ ደግሞ ጥፋት አልሠራሁም ብላ እምቢ አለች። ከአሥራ አንድ ቀናት ውጥረት በኋላ መውጫ የሆነው፣ በቤጂንግ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ጆሴፍ ፕሩኸር ለቻይናው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጻፉት ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው «ቬሪ ሶሪ» የሚለውን ሐረግ ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ አንደኛው የዋንግ ዌይ ቤተሰብና የቻይና ሕዝብ ስለ ደረሰባቸው ሐዘን ሲሆን፣ ሁለተኛው አውሮፕላኑ ያለ ቃል ፈቃድ ስለ መግባቱና ስለ ማረፉ ነው። «አፖሎጂ» የሚለው ቃል ግን በደብዳቤው ውስጥ የለም። የቻይና መገናኛ ብዙኃን ሐረጉን ጥልቅ የይቅርታ ስሜትን በሚያስተላልፍ የቻይንኛ አገላለጽ ለሕዝባቸው አቀረቡት፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ደግሞ ማዘናቸውን እንጂ ይቅርታ መጠየቃቸውን እንደማያመለክት ተናገሩ። የበረራ አባላቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ የሚፈልጉትን ማንበብ የቻሉት፣ ሳሪግ የተባለው የጥንቱ ቃል ሐዘንንና ጸጸትን ሳይለያይ አብሮ ስለ ተሸከመ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ይህንኑ መንታ ባሕርይ ማስተናገድ ግድ ሆኖባቸዋል። በአደጋ ቦታ ወይም በሕክምና አልጋ አጠገብ «አይ አም ሶሪ» ያለ ሰው፣ ቃሉ በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮ ይቀርብበት ይሆን የሚል ስጋት ነበረ፤ በዚህም የተነሣ ብዙዎች ማዘናቸውን እንኳ ከመግለጽ ይቆጠቡ ነበር። የአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1986 በአደጋ ለተጎዳ ሰው የተነገረ የርኅራኄ ቃል የኃላፊነት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ደነገገች። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2006፣ ኦንታሪዮ በ2009 ይቅርታን የሚመለከቱ ሕጎችን ሲያወጡ፣ በእንግሊዝና ዌልስም የ2006ቱ የካሳ አዋጅ ይቅርታ መጠየቅ በራሱ ቸልተኝነትን ማመን እንዳልሆነ አስፍሯል። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሕጎች በጎ ሥራ ሠርተዋል፤ በደረሰ ጉዳት ፊት ሰው ከልቡ ማዘኑን ለመናገር ጠበቃ ማማከር አይገባውም።

ቃሉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚችል፣ ምንስ እንደሚጎድለው ከሁሉ ይበልጥ ያሳየችው ግን አውስትራሊያ ናት ብለን እናምናለን። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰፊ ክፍል፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ልጆች በመንግሥት ፖሊሲ ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ በተቋማትና በነጭ ቤተሰቦች ዘንድ እንዲያድጉ ይደረግ ነበር። ይህን የመረመረው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 ለፓርላማ ቀረበ፤ በዓመቱም ግንቦት 26 ቀን በዚሁ ቃል ስም የተጠራ ብሔራዊ «የሶሪ ቀን» መከበር ጀመረ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ግን በመንግሥት ስም ቃሉን ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም፤ በ1999 ፓርላማው ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ «ሪግሬት»፣ ማለትም ቁጭትን የሚገልጽ ቀዝቀዝ ያለ ቃል ነበር የያዘው። በግንቦት 2000 ብዙ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ በሲድኒ ወደብ ድልድይ ላይ ሲያልፍ፣ በሰማዩ ላይ አንድ አውሮፕላን በጭስ «ሶሪ» የሚለውን ቃል ጻፈ። በመጨረሻም የካቲት 13 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ በፓርላማ ቆመው በራሳቸው፣ በመንግሥታቸውና በፓርላማው ስም ሦስት ጊዜ «አይ አም ሶሪ» አሉ። በዚያ ዕለት የጸደቀውን ጽሑፍ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ልጆቹን ለነጠቁት ሕጎችና ፖሊሲዎች «እናፖሎጃይዛለን» ይላል፤ ለተነጠቁት ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ሥቃይ ደግሞ «ሶሪ እንላለን» ይላል። ጥፋቱ በስሙ ተጠርቶ ለጥፋቱ የሚገባው ቃል ተሰጠው፤ ሕመሙም ከሕመም የተወለደውን ቃል አገኘ። ከዚህ የተሻለ የቃሉን አገባብ የሚያስተምር ጽሑፍ አላጋጠመንም። በነገራችን ላይ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች በሚናገሩት እንግሊዝኛ «ሶሪ ቢዝነስ» ማለት የለቅሶና የቀብር ሥርዓት ነው፤ ጥንታዊው የሐዘን ትርጉም በዚያ ምንም ሳይደበዝዝ አለ።

ወደ አለቃዎ ስንመለስ፣ አሁንም አልዘገየም። «ሐዘኔን ስለተጋሩኝ አመሰግናለሁ» የሚል አንድ መስመር ቢጽፉላቸው በቂ ነው። ወደፊት እርስዎ ለሌላ ሐዘንተኛ ሲጽፉ ደግሞ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይበሉ እንጂ «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» አይበሉ። ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች እያዩ ማዘንን፣ «አሳዘንከኝ፣ ምስኪን» ማለትን ስለሚያስከትል፣ ተቀባዩን ሊያስቀይም ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሶሪ በኋላ አንዳንዴ «ፎር»፣ አንዳንዴ «አባውት»፣ አንዳንዴ «ቱ» ሲመጣ አያለሁ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ኢሜይል በጻፍሁ ቁጥር እቸገራለሁ።

መልስ፦ «ቱ» ከግሥ ጋር ሲመጣ አሁን እየተፈጸመ ያለን ወይም ወዲያው ሊፈጸም ያለን ድርጊት ያመለክታል። የሰው ቢሮ በር አንኳኩተው ሲገቡ «ሶሪ ቱ ዲስተርብ ዩ» ይላሉ፤ ማወክዎ ገና መጀመሩ ነው። ጉዳይዎን ጨርሰው ሲወጡ ግን ድርጊቱ ስላለፈ «ሶሪ ፎር ዲስተርቢንግ ዩ» ይሆናል። ክፉ ዜና ሲሰሙ የሚባለው «ሶሪ ቱ ሂር ዛት»ም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ዜናውን የሰሙት አሁን ነውና።

«ፎር» ሰው ሲከተለው ለዚያ ሰው ማዘንን፣ ድርጊት ሲከተለው ደግሞ በድርጊቱ መጸጸትን ያሳያል። «አባውት» ለተፈጠረው ሁኔታ ነው፤ ከ«ፎር» ለዘብ ያለ ስለሆነ የኃላፊነቱ ጉዳይ ብዙም ለማያነጋግርባቸው ቀላል ነገሮች ይስማማል። የዘገየ መልስ ሲልኩ «ሶሪ አባውት ዘ ዲሌይ» ቢሉ ሁኔታውን ይጠቅሳሉ፤ «አይ አም ሶሪ ፎር ሪፕላዪንግ ሌት» ቢሉ ግን የዘገዩት እርስዎ መሆንዎን ይናገራሉ። መዘግየትዎ ሌላውን ሰው ጎድቶ ከሆነ ሁለተኛውን እንመክራለን።

ከሁሉም ይልቅ እንዲጠነቀቁ የምንፈልገው ግን «ኢፍ» የሚለውን ነው። «አይ አም ሶሪ ኢፍ ዩ ወር ኦፌንድድ» ሲባል «ከተቀየምክ አዝናለሁ» ማለት ሲሆን፣ ተናጋሪው ያጠፋውን ነገር አልጠቀሰም፤ ጥርጣሬውንም በተጎዳው ሰው ላይ አሳረፈ። በደል የፈጸመ ሰው ዓረፍተ ነገሩን በ«አይ» ጀምሮ የራሱን ድርጊት በሚጠራ ግሥ ቢጨርስ፣ ማለትም «የተናገርሁትን በመናገሬ» ቢል፣ ቃሉ የታሰበለትን ሥራ ይሠራል።

ጥያቄ፦ «ኤክስኪዩዝ ሚ» እና «ሶሪ» በምን ይለያያሉ? ደግሞም ያላጠፉ ሰዎች ሶሪ ሲሉ እሰማለሁ፤ ትክክል ነው?

መልስ፦ በጥቅሉ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ከድርጊቱ በፊት፣ «ሶሪ» ከድርጊቱ በኋላ ይነገራል። በሰዎች መካከል ለማለፍ፣ የማያውቁትን ሰው ለማናገር የመጀመሪያውን፣ ሰው ሲገፉ ወይም ሲረግጡ ሁለተኛውን ይጠቀማሉ። በብሪታንያ ሶሪ የኤክስኪዩዝ ሚንም ቦታ በብዛት ትይዛለች፤ አሜሪካውያን ደግሞ ሰው ከገፉም በኋላ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ይላሉ። ያልሰሙትን ነገር ለማስደገም ድምፅን ከፍ አድርጎ «ሶሪ?» ማለትም በብሪታንያ የተለመደ ነው።

ያላጠፋ ሰው ሶሪ ማለቱ ስሕተት አይደለም። እንግሊዛዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኬት ፎክስ የአገራቸውን ሰዎች በመንገድ ላይ ሆን ብለው እየገፉ ምን እንደሚሉ ሲታዘቡ፣ አብዛኞቹ ተገፊዎች ራሳቸው ሶሪ ብለዋል። በናይጄሪያና በጋና እንግሊዝኛ ደግሞ ሰው ሲደናቀፍ ወይም ዕቃ ሲወድቅበት አጠገቡ ያለው ሁሉ «ሶሪ» ይለዋል፤ አማርኛችን «እኔን!» እንደሚለው ነው። ይህን ያልለመደ እንግሊዛዊ «አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ ሊደነቅ ይችል ይሆናል፤ ሰው ሲጎዳ አብሮ መታመምን ለመግለጽ የዋለው ይህ አገባብ ግን ከዘመናዊው የይቅርታ አገባብ ይልቅ ለቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ይቀርባል። በሥራ ደብዳቤ ላይ ግን ያላጠፉትን ነገር በሶሪ መጀመር ኃላፊነቱን የወሰዱ ሊያስመስልዎ ስለሚችል፣ «ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ» በሚል ቢተኩት ይሻላል።